ሰፌዱን የሸፈንኩበት ዓመት

እናቴ ገበያ የምታወጣውን ሁሉ ሸፍና ነበር የምታወጣው። እንቁላሉን በገለባ፣ ቅቤውን በቅጠል፣ ሰፌዱን በነጠላዋ ጫፍ። ከቤታችን እስከ መካነ ሰላም ገበያ ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ በዚያ ሁሉ መንገድ አንድ ሰው እንኳ ዕቃዋን ሙሉውን አያየውም። ደርሳ ከተቀመጠች በኋላም ግማሹን ነው የምትገልጠው። ገዢ መጥቶ ሲቆም ፊቱን ታያለች፣ ልቧ ካመነው ቀስ አድርጋ የቀረውን ትገልጥለታለች። «ዓይን ያረፈበት ዕቃ አይበረክትም» ነበር የምትለው።

ሌላም ነገር አስተምራኛለች። የሚገዛ ሰው ያጥላላል። ሰፌዱን ገልብጦ በጥፍሩ እየቧጠጠ «ይኼ ምን ሰፌድ ነው፣ ዱቄት የሚያፈስ» የሚለው ሰው፣ እሱ ነው ገዢው። «ማሻ አላህ፣ እጅሽ ይባረክ» ያለው ሰው መርቆ ያልፋል። እኔ ሕፃን ሆኜ ሲያጥላሉባት እናደድ ነበር፤ እሷ ግን ፈገግ ትልና ሰፌዱን ወደ ሰውዬው ጠጋ ታደርገዋለች።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ከእናቴ ተቀብዬ ኖርኩ። ያ ዓመት ሲመጣ አንዱን አጥብቄ ያዝኩ፣ ሌላውን ረሳሁት።

ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ። አባታቸው ወደ አኼራ የሄደው ትንሿ ጡት ሳትጥል ነው። ትልቋ ዐረብ አገር የሄደችው በኮንትራት፣ መንገዱ ክፍት በነበረ ጊዜ፣ በአውሮፕላን ነው። ትንሿ አሥረኛ ክፍል ተፈትና ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር ግን በወረቀት መሄድ ተዘግቶ ነበር። የቀረው የባሕሩ መንገድ ነው። ከተማ ውስጥ አንዲት ደላላ አለች፣ የባለቤቴ የሩቅ ዘመድ። ባገኘችኝ ቁጥር «መንገዱ ዛሬ ተሻሽሏል፣ አብሽሪ» ትለኛለች። ተሻሽሏል የምትለው ጀልባ ነው።

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። የማውቀው ክረምት የሞላ ወንዝ ነው። የአባቴን በሬ ሲወስደው ከዳር ቆሜ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ቀንዱ ታየ፣ ከዚያ ምንም አልታየም። ባሕር የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ያ ቀንድ ነው ፊቴ ላይ የሚመጣው።

አንድ ቀን ትንሿ ልጄ ምስር እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ «እማ፣ እስከ አረፋ እቆያለሁ» አለችኝ።

«ከአረፋ በኋላስ?»

«እስከ አረፋ እዚሁ አገር እጄ ላይ የሚገባ ነገር ካገኘሁ እቀራለሁ። ካላገኘሁ እሄዳለሁ። እንዳትለምኚኝ።»

«መቼ ለምኜሽ አውቃለሁ?»

«ጓዳ ገብተሽ ስታለቅሺ መለመን አይደለም ወይ?»

አረፋ ሰባት ወር ያህል ይቀረው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨረቃ በወጣች ቁጥር እቆጥር ጀመር።

ሰፌዱን በስልክ እንሽጥ ያለችው ራሷ ናት። ስልኩን ትልቋ ናት የላከችላት። እኔ ሳቅኩ። እሷ ግን የምሯን ነበር። ስልኩ ውስጥ አንድ ትልቅ ገበያ አለ አለችኝ፤ የአገሩ ሰው ሁሉ እዚያ ነው፣ መኪናውም፣ ቤቱም፣ ቀሚሱም፣ የሚታለብ ላምም እዚያ ይሸጣል።

«ከመካነ ሰላም ገበያ ይበልጣል?»

«የመካነ ሰላምን፣ የከላላን፣ የአጅባርን፣ የደሴን ገበያ አንድ ላይ ብትደምሪው እግሩ ሥር አይደርስም።»

«አንድ ሰፌድ ስንት ሰው ያየዋል?»

«ማን ቆጥሮት? ሺህም ሊያየው ይችላል።»

ሁለት ሳምንት ጎንበስ ብዬ የሰፋሁት ሰፌድ ላይ ሺህ ዓይን ሊያርፍ ነው። እንዲያውም የፈራሁት ለሰፌዱ ብቻ አልነበረም። የእኔ ዕቃ የልጄ ዕጣ ነው፤ ዓይን ከዕቃው አልፎ ወደ ሰው እንደሚሻገር አውቃለሁ። ስለዚህ ፎቶ ልታነሳው ስትል ከራሴ ላይ ጉፍታዬን አውልቄ ግማሹን ሸፈንኩት።

«እማ፣ ሰው ያላየውን አይገዛም።»

«ገዢ ሲመጣ እገልጥለታለሁ።»

«ገዢው አዲስ አበባ ነው ያለው እኮ። እንዴት አድርገሽ ነው የምትገልጪለት?»

«ልቡን አይቼ።»

እያጉረመረመች አነሳችው።

ኔትወርክ የሚመጣው ከቤታችን በላይ ካለው አውድማ ላይ ነው። በማግሥቱ ወጥተን ድንጋይ ላይ ተቀመጥንና ሰው የጻፈውን ታነብልኝ ጀመር። አንዱ «ሰፌድ ናት ሙሽራ?» ብሏል። ሌላው ከሥሩ «ግለጧት እንጂ፣ ጥሎሽ ይዘን መጥተናል» ይላል። አንዲቱ «የተሸፈነው በኩል ቀዳዳ አለ ማለት ነው» ብላለች። ልጄ ንባቧን እያለዘበች ነበር፤ እኔ ግን ከፊቷ አየዋለሁ። የመጨረሻው «ጠርዙ ወፍሯል። የመጨረሻ ዋጋው ስንት ነው?» የሚል ነበር።

ከሁሉም ያቃጠለኝ ይኼኛው ነው፣ እውነት ስለነበረ። መሃሉን ስጀምር እጄ ረጋ ይላል፤ ጠርዙ ላይ ስደርስ ለመጨረስ ይቸኩላል፣ የውስጡን ሣር፣ ስንደዶውን አብዝቼ እጠቀልላለሁ። እናቴም ትቆጣኝ ነበር።

«አውርጂው» አልኳት።

«ይኼ እኮ ዋጋ ጠይቋል።»

«ሰድቦኛል። አውርጂው።»

አወረደችው። ከአውድማው ስንወርድ ከፊቴ ከፊቴ ትሄድ ነበር። አንድም ጊዜ ዞራ አላየችኝም።

ትልቋ ልጄ ጁምዓ ጁምዓ ትደውላለች። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። «ትልቁን ገበያ ተዪው እማ። የኛ ትንሽ አለች» አለችኝ። ከኛ አካባቢ ሄደው እዚያ የሚሠሩ ሴቶች በስልክ የተሰባሰቡባት ናት። መቶ አይሞሉም። አንዷ የምትሸጠው ካላት ሐሙስ ከሰዓት ፎቶውን ታወጣለች፤ ጨረታው ይከፈታል፤ በማግሥቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይዘጋል። የምታጫርተው ብዙ ዓመት እዚያ የኖረች ትልቅ ሴት ናት፣ ሁሉም አክስት ነው የሚሏት። የተሸጠውን ዕቃ ለዕረፍት መጥታ የምትመለስ ሴት በሻንጣዋ ይዛላቸው ትሄዳለች።

«ሲሸፈን ይስቃሉ?» አልኳት።

«ማን ይስቃል? የሁሉም እናት ትሸፍናለች።»

ይቺን ስሰማ ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። የመንደራችንን ጉሊት አስታወሰችኝ። እዚያ ሻጩም ገዢውም ይተዋወቃል፤ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የልጅ፣ የከብት፣ የጤና ወሬ ይጠየቃል።

ያንኑ ፎቶ ላክንላቸው፤ በመጀመሪያው ጨረታ ቀን፣ ጁምዓ ከሶላት በፊት አውድማው ላይ ነበርን። ልጄ አክስትየዋ የጻፈችውን አነበበችልኝ። «የእናት እጅ ነው፣ ከመካነ ሰላም ነው። ግማሹን በዓይናችሁ እዩት፣ ግማሹን በእምነት። ጀምሩ።» ጀመሩ። አንዷ ጠራች፣ ሌላዋ ጨመረች። አንዲት በስሟ ፋንታ የጽጌረዳ ሥዕል ያላት ነበረች። «ማሻ አላህ፣ እጃቸው ይባረክ» ትልና ትጨምራለች። ሌላዋ ስትጨምር እሷም ትጨምራለች። በመጨረሻ አክስትየዋ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ለጽጌረዳዋ መርሐባ» ብላ ዘጋችው። ገበያ ወስጄው ቢሆን ከማገኘው አራት እጥፍ ነበር።

ልጄ ተነስታ ስልኩን ይዛ አውድማውን ዞረች፣ እንደ በሬ። «እማ፣ ከትልቁ ገበያ ትንሿ በለጠች» አለች።

እኔም አመንኩ። እየሰፋሁ አወጣሁ። የሰፋሁትን ሁሉ የምታሸንፈው ያቺው ጽጌረዳ ናት። ገንዘቡ በትልቋ ልጄ በኩል ይደርሰናል። ትንሿ የስፌት ሣር፣ አክርማ የሚሸጡትን ሴቶች ታስሳለች፣ ቀለም ገዝታ አለላ ትነክራለች፣ ሰፌዱን ይዞ ደሴ የሚወርድ ሰው ትፈልጋለች። ሥራ አገኘች። ፊቷ ሲፈታ እያየሁ እኔም እንደ ሰው እህል መብላት ጀመርኩ።

ደላላዋ አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘችኝ። «እህቴ፣ ልጅሽ ሰፌድ ላይ ተቀምጣ ነው አሉ ባሕሩን የምትሻገረው?»

«አልሻገርም ብላለች።»

«ሁሉም እንደሱ ይላሉ። እኔ ስፍራዋን ይዤላታለሁ።»

ያን ቀን ቤት እስክደርስ ዱአ እያደረግሁ ነው የሄድኩት።

ጎረቤቴ የመሪጌታው ሚስት ናቸው። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ፣ በእጅም ይበልጣሉ። ሙሽራ ሆኜ እዚህ መንደር ስገባ የአለላ አጣጣል የሰረቅሁት ከእሳቸው ነው። ወሬውን ሰምተው አንድ ከሰዓት መጡ።

«አንቺ፣ ያ የስልክሽ ገበያ የክርስቲያን ሰፌድ ይቀበላል?»

«ሰፌድ ምን ሃይማኖት አለው እትዬ?»

«እንደሱማ አትበዪ፣ የኔው ዓርብና ረቡዕ ይጾማል» አሉና ከነጠላቸው ሥር አወጡት። ቀይና አረንጓዴ አለላ መሃል ላይ እንደ ኮከብ የሚፈነጥቅ፣ ጠርዙ እንደ ክር የቀጠነ ሰፌድ ነው። ውሃ ብትጨምሪበት የሚይዝ ይመስላል። እሱንም ሸፈንነው፣ አነሳነው፣ ሐሙስ ወጣ።

አርብ ከሶላት በኋላ አውድማው ላይ ተቀመጥን። ሦስት ሴቶች ጠሩ። አራተኛ አልመጣም። ሁሉም «ማሻ አላህ» ብለዋል፣ አበባ ልከዋል፣ ዋጋው ግን የእኔን ግማሽ ሳይደርስ ቆመ። ጽጌረዳዋ አልታየችም።

ለእሳቸው መንገር ከበደኝ። ነገርኳቸው። አልተቆጡም፣ ግራ ገባቸው እንጂ። «እስቲ ያንቺን አምጪው» አሉኝ። ሰፍቼ የጨረስኩት አንድ ነበር፣ አመጣሁላቸው። ጭናቸው ላይ አድርገው ገለበጡት፣ በጥፍራቸው ቧጠጡት።

«ጠርዝሽ ወፍራም ነው። ከድሮም ወፍራም ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ማናት ይቺ ወፍራም ጠርዝ የምትወድ?»

ሲጠይቁኝ እየሳቁ ነበር። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ስልኩን ከልጄ ለመንኩና ብቻዬን ወደ አውድማው ወጣሁ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ዳስ ውስጥ፣ ጥቂት ወር። ንባቤ የሕፃን ነው፣ ጣቴን ፊደሉ ላይ ካላሳረፍኩ አይሄድልኝም። ስልኩ ላይ ጣት ሲያርፍበት ደግሞ ገጹ ይሸሻል። ጣቴን ከፍ አድርጌ ይዤ አንድ በአንድ አነበብኩት፣ ከመጀመሪያው ጨረታ ጀምሬ፣ ጽጌረዳዋ የጻፈችውን ሁሉ።

እጃቸው ይባረክ። ማሻ አላህ። አላህ ዕድሜ ይስጣቸው። ያ ብቻ ነው። አንድም ቀን ጠርዙ ወፍራም ነው አላለችም። የመጨረሻው ስንት ነው አላለችም። አለላው ይለቃል ወይ አላለችም። መቼ ይደርሰኛል እንኳ አላለችም። ሰባት ሰፌድ የገዛች ሴት አንዱንም አላጥላላችም። የእናቴ ነገር ያን ጊዜ ነው የመጣብኝ። መርቆ የሚያልፍ ገዢ አይደለም። ይቺ ግን መርቃ የምትከፍል ናት፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ገበያ ውስጥ የለም፣ ቤት ውስጥ እንጂ።

ጁምዓ ሲደርስ ትልቋ ደወለች። ትንሿ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ፣ እኔ ስልኩን ይዤ አውድማው ላይ ነበርኩ።

«ሰፌዱ ደረሰሽ?» አልኳት።

«የቱ ሰፌድ?»

«ሁሉም።»

ከወዲያ በኩል መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል።

«ማን ነገረሽ እማ?»

«ማንም አልነገረኝ። ጠርዙ ወፍራም ነው። አንድ ቀን እንኳ ወፍራም ነው አላልሽም።»

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ተቆረጠ። «እኔ በየት አፌ ነው ያንቺን ሰፌድ የማጥላላው?»

የት እንዳደረገቻቸው ጠየቅኋት። ከጓደኞቿ ጋር በተከራዩት ክፍል አልጋ ሥር ናቸው። ሁለቱን ግድግዳ ላይ ሰቅለዋቸዋል። በአንዱ ጁምዓ ሲሰባሰቡ ዳቦ ያቀርቡበታል። ሌሎቹ ሴቶች ያውቁ ነበር ወይ አልኳት። አክስትየዋ ታውቃለች አለችኝ፤ የቀሩት ጠርጥረው ይሆናል፣ ለዚህ ነው አጥብቀው የማይጫረቱት።

«ዘንድሮ ለአረፋ እመጣለሁ ብለሽኝ አልነበር?»

«እሱ ለከርሞ ነው፣ ኢንሻ አላህ።»

ለመምጫዋ ያስቀመጠችው ገንዘብ የት እንደገባ ገባኝ።

«እማ ስሚኝ» አለች። «እኔ በአውሮፕላን ነው የመጣሁት። በባሕር የመጣች አንዷ አብራን አለች። ውሃ በብርጭቆ ስትጠጣ ዓይኗን ጨፍና ነው። እህቴ እንደሱ ስትጠጣ ማየት አልችልም። ዝም ብለሽ ስፊ።»

ዝም ብዬ መስፋት አልቻልኩም። ወስፌውን ባነሳሁ ቁጥር አንዷን ልጄን ወግቼ ሌላዋን የምጠቅም እየመሰለኝ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆንኩ።

ብዙ አሰብኩ። ትንሿ ገበያ ክፉ አልነበረችም። ያሉባት ሰዎች ያውቁናል፣ ያዝኑልናል፣ መሸፈኔን አልሳቁበትም። ግን የሚያዝንልሽ ሰው ዋጋሽን አይነግርሽም። ልጄ እኔን ስለምትወድ የሰፌዱን ጉድለት ደበቀችልኝ፤ እኔ ደግሞ ሰፌዱን ሸፈንኩ፤ ተሸፋፍነን ተቀመጥን። በትልቁ ገበያ የማያውቀኝ ሰው በአንድ አፍ ጠርዙ ወፍሯል፣ ስንት ነው ብሎኝ ነበር። ያ ሰው ገዢ ነበር። አባረርኩት።

ለትንሿ መንገር ነበረብኝ። የምፈራውም እሱን ነበር። ከነገርኳት ደላላዋ ስፍራ ይዛላታለች። ካልነገርኳት እህቷ ዕድሜዋን እዚያው ትጨርሳለች። ጧት አውድማው ላይ ነገርኳት፣ ቆሜ፣ ሳልቀመጥ።

ሰምታ ስትጨርስ «ስለዚህ ማንም አልገዛም» አለች።

«ሌሎቹም ጠርተዋል እኮ።»

«ማንም አልገዛም እማ። እኔ ነጋዴ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እሷ እያጎረሰችኝ ነበር።»

ስልኩን ከእጄ ወስዳ በከተማው መንገድ ወረደች። አልተከተልኳትም። ከዚያ መንገድ መጨረሻ ላይ የደላላዋ ቤት እንዳለ አውቃለሁ፣ ወደዚያ እንደሄደች አልተጠራጠርኩም። ልጮህ አሰብኩ፤ እንዳትለምኚኝ ያለችኝ ትዝ አለኝ።

ቤት ተመለስኩ። ያለቀውን ሰፌድ ከጓዳ አወጣሁና ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ግድግዳው ላይ አስደግፌ አስቀመጥኩት። ጉፍታዬን ከላዩ አነሳሁ። መንገደኛ ያልፋል፣ ያየዋል። አንዲት ሴት ቆማ አየችው። ሰው ባየው ቁጥር እጄ ወደ ጉፍታዬ ይሄዳል፤ ግን አልሸፈንኩትም። የመሪጌታው ሚስት በአጥር በኩል ብቅ አሉ።

«ምን ሆነሽ ነው ዛሬ ራቁቱን ያወጣሽው?»

«ይታይ ብዬ ነው እትዬ።»

አዩኝ፣ አዩኝና አንድ ድንጋይ ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ምን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም። ከሰዓት የዐስር ሶላት እስኪደርስ አብረውኝ ተቀመጡ።

ልጄ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ዓይኗ ቀልቷል፣ ጫማዋ አቧራ ብቻ ነው።

«ለእህቴ ደውዬ ነበር» አለች። «ሰደብኳት። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ካርዱ አለቀ።»

«የዚያችን ሴትዮ ቤትስ?» አልኳት።

«አለፍኩባት። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ነይ ብላኝ ነበር።» ሰፌዱን አየችው። «ማነው የገለጠው?»

«እኔ ነኝ። በትልቁ ገበያ አውጪው።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«ጠርዙም ይታይ?»

«ጠርዙም ይታይ።»

የእትዬንም አብረን አነሳነው፣ ሳንሸፍን። እሳቸው ፎቶ ሲነሳ ለሰፌዱ አማተቡለት፣ እኔ ቢስሚላህ አልኩለት። በማግሥቱ ወጣ።

የእሳቸው በሦስተኛው ቀን ተሸጠ፣ ደህና በሆነ ዋጋ። የእኔ ሁለት ሳምንት ቆየ። የሚስቀው ሳቀ፣ የሚያልፈው አለፈ። አንድ ቀን ደሴ ያለች ሴት ጻፈች። ልጄ ለማንበብ አመነታች።

«አንብቢው።»

«‹ጠርዙ እንደ ገመድ ወፍሯል። አለላው ሲታጠብ ይለቃል ወይስ አይለቅም? መሃሉ ጎበጥ ያለ ይመስላል። ለዚህ ይኼን ያህል ብር? የመጨረሻውን ንገሩኝ።›»

«ይቺ ናት» አልኩ።

«ሰደበችሽ እኮ።»

«ይቺ ናት አልኩሽ። መልሺላት።»

ሦስት ቀን ተከራከርን። ልጄ እየጻፈች እኔ እየነገርኳት። ሴትዮዋ አንድ ጊዜ ተወችው፣ ተመልሳ መጣች። እኔም አንድ ጊዜ «በቃ፣ አይሸጥም» አስባልኩ፤ ልጄ ደንግጣ አየችኝ፣ እኔ ግን ሴትዮዋ እንደምትመለስ አውቅ ነበር። በመጨረሻ ከገበያው ዋጋ ትንሽ ከፍ ባለ ተስማማን፤ ጽጌረዳዋ ከምትከፍለው እጅግ ያነሰ ነው። በአውቶቡስ ረዳት እጅ ላክነው። ሲደርሳት «አራት ልትሰፉልኝ ትችላላችሁ? ጠርዙን ግን አቅጥኑት» አለች። ስንደዶውን አሳነስኩ። በዚህ ዕድሜዬ ጠርዝ ማቅጠን ተማርኩ።

ፍርሃቴ ለቆኝ አይደለም። አንዱ ሰፌድ ሙሉውን ታይቶ ሳይሸጥ ጓዳ በተቀመጠበት መሃሉ ተቀደደ። «ዓይን ነው» አልኩ። ልጄ አንስታ አሳየችኝ፤ «አይጥ ነው እማ፣ ጥርሱን እዪው።» አይጥም ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ፎቶ እስኪነሳ እገልጠዋለሁ፣ ከተነሳ በኋላ እሸፍነዋለሁ። ልጄ በዚህ ትስቃለች፣ ግን ጉፍታውን ራሷ ነው የምታቀብለኝ። በትንሿ ገበያም አልፎ አልፎ እናወጣለን። ጽጌረዳዋ እንዳትጫረት አስምለናታል፤ ዋጋው ጥቂት ነው፣ ግን የሚገዛው የእውነት ገዢ ነው።

አረፋ መጣ። ልጄ ስለ መሄድም ስለ መቅረትም አንድ ቃል አላወጣችም፣ እኔም አልጠየቅኋት። ከሶላት መልስ ሥጋው ተከፋፍሎ፣ ሰው ተጠራርቶ በልቶ ካለቀ በኋላ አጣኋት። ወጥቼ አጥሩን ዞርኩ፣ ወደ መንገዱ አየሁ። ከቤቱ ጀርባ ነው ያገኘኋት። የበዓል ልብሷን እንደለበሰች መሬት ላይ ተቀምጣ የእኔን ወስፌ ይዛለች። ከዚያ በፊት ወስፌ ይዛ አታውቅም፤ ስልክ እንጂ ስፌት የሷ አልነበረም። እትዬ የሰጧትን ቀይ አለላ ጭኗ ላይ አድርጋ መሃሉን ጀምራለች። እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ ነበር።

ሰጠችኝ። ገለበጥኩት። በጥፍሬ ቧጠጥኩት።

«ይኼ ምን ሰፌድ ነው? መሃሉ ዞሯል። ሲያልቅ ዱቄት ያፈሳል።»

ቀና ብላ አየችኝ። «የመጨረሻ ስንት ትያለሽ?»

«ፍቺውና እንደገና ጀምሪ።»

ስፌቱን እስከ መነሻው መተርተር ጀመረች። አንድ ሰፌድ፣ ለጀማሪ እጅ፣ ከሁለት ወር በላይ ይፈጃል። አጠገቧ ተቀመጥኩና ስንደዶውን በውሃ እያራስኩ አቀበልኳት።